የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ በተዋጣ ገንዘብ ትምህርት ቤት ማደስና የቀን ሠራተኛ ማሠራት

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በአካባቢያቸው ያለውን ትምህርት ቤት ማሳደስ ይፈልጋሉ፤ በዚያው ሥራ ያጡ ሰዎች የቀን ገቢ እንዲያገኙም ይመኛሉ። ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እድሳት ገንዘብ ሰብስቧል። ገሚሱ አባል «ለኮንትራክተር ይሰጥና ኃላፊነቱን ይውሰድ» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «በቀጥታ የቀን ሠራተኛ ቀጥረን እናሠራ፣ ገንዘቡ ለችግረኛው ይድረስ» ይላል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ክርክሩን ለጊዜው አቁሙና የሥራውን ዝርዝር አውጡ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ሁለት ነገር ጻፉ፤ ለዕቃ ስንት ይወጣል፣ ለጉልበት ስንት ይወጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይታያል፤ የትምህርት ቤት እድሳት በራሱ ብዙ ጉልበት የሚበላ ሥራ አይደለም። የጣሪያ ቆርቆሮ መቀየርን ውሰዱ። ወጪው ከሞላ ጎደል ቆርቆሮ፣ ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) እና ሚስማር ነው፤ ሠራተኛው ጥቂት፣ ያውም ባለሙያ ነው። የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ በግቢው የተከመረ አፈርና ፍርስራሽ ማንሳት፣ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ፣ የአሮጌ ልስን መፈልፈል፣ ኮንክሪት በእጅ መቀላቀል፣ የተሰባበሩ ዴስኮችን መጠገን ግን ጉልበት የሚበሉ ሥራዎች ናቸው።

እንግዲህ መልሱ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይደለም። የጣሪያውን መዋቅር፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውንና የተሰነጠቀ ግድግዳ ካለ እሱን ለባለሙያ ስጡ፤ ስህተታቸው ሰው ይጎዳልና። የቀረውን በቀጥታ በቀን ሠራተኛ አሠሩ። ለኮንትራክተሩ በምትሰጡት ውል ላይም የጉልበት ሠራተኞቹን ከእናንተ መዝገብ እንዲወስድና የቀን ክፍያቸው በውሉ በተጻፈው ልክ እንዲሆን ማስገባት ትችላላችሁ። ይህ በጽሑፍ ካልገባ ኮንትራክተሩ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ ሊወቀስም አይችልም።

ለንጽጽር ያህል፣ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ለጉልበት የሚከፈለው ከጠቅላላው ወጪ ከ60 በመቶ እንዳያንስ፣ የዕቃው ደግሞ ከ40 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጎ፣ ኮንትራክተር እንዳይገባበትም ከልክሎ ነበር። ያ መጠን ለቦይ፣ ለኩሬና ለመንገድ ሥራ ይሆናል። ጣሪያው ለሚያፈስ ትምህርት ቤት ግን 60 በመቶ ካልደረስን ብላችሁ ብትሟገቱ ወይ ጣሪያው ሳይሠራ ይቀራል ወይ ደግሞ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ይሠራል። ለጉልበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ከደረሳችሁ በእኛ ግምት ደህና ነው፤ ከ20 በታች ከሆነ ግን ለለጋሾቻችሁ «ሥራ ፈጠርን» ከማለት «ትምህርት ቤት አደስን» ማለቱ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንመክራለን። የደመወዙን ገንዘብ ከዕቃው ገንዘብ ለይታችሁ፣ ቢቻል በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ። የሲሚንቶ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የሚነካው የሠራተኛው ገንዘብ ነው፤ ሱቁ በዱቤ አይሰጥም፣ ሠራተኛው ግን «ነገ እንከፍልሃለን» ሲባል ዝም ይላል። ከጠቅላላው 10 በመቶ ደግሞ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። አሮጌ ቤት ልስኑ ሲፈለፈል ከውስጥ ያልታሰበ ነገር ማሳየቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የቀን ክፍያውን ስንት እናድርገው? ከኮሚቴው አንዱ «እርዳታ ስለሆነ ከገበያው ዝቅ ይበል» ይላል፤ ሌላው «እርዳታ ስለሆነ ከፍ ይበል» ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ዝቅ የሚለው ሐሳብ በብዙ የእርዳታ ፕሮግራሞች ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ክፍያው ትንሽ ዝቅ ካለ ሌላ ሥራ ያለው ሰው አይመጣም፣ የሚመጣው በእውነት ሥራ ያጣው ነው የሚል ስሌት አለው። ችግሩ በጣም የተቸገረው ሰው ዝቅተኛውን ክፍያ ተቀብሎ ከባዱን ሥራ መሥራቱ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። ከፍ ሲል በበኩሉ ሌላ ቦታ የሚሠራው ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ዘመድና ጎረቤት ለምዝገባ ይጋፋል፣ እናንተ ስትወጡ ደግሞ በአካባቢው ያለ አሠሪ ሠራተኛ ያጣል።

የቀን ሠራተኞች በሚቆሙባቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች ሄዳችሁ በዚያ ሳምንት የተከፈላቸውን ጠይቁ። አሠሪውን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም ጠይቁ፤ የሁለቱ ቁጥር አንድ አይሆንም። መሐል ላይ ያለውን ውሰዱ። በአገሩ ሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ካለ ከዚያ በታች መውረድ የለም። ገንዘቡ ካነሰ የቀኑን ቁጥር ቀንሱ እንጂ የቀኑን ክፍያ አትንኩ። ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ ወንድና ሴት ክፍያው አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 የሚለውም ይህንኑ ነው። «ሴቶቹ ቀላሉን ሥራ ነው የሚሠሩት» የሚል ሰው ካለ ለአንድ ቀን ውኃ በጄሪካን ያመላልስ።

ጥያቄ፦ ለ20 ሰው ቦታ 60 ሰው ተመዘገበ። እንዴት እንምረጥ? ሁሉም እንዲደርሳቸው በየ10 ቀኑ ብንቀያይራቸውስ?

መልስ፦ መስፈርቱን ከምዝገባው በፊት ጽፋችሁ ለጥፉ፤ በኋላ የወጣ መስፈርት ሁሌም ለአንድ ሰው የተሰፋ ይመስላል። ሦስት አራት ነጥብ ይበቃል፤ በቤቱ ሌላ ገቢ ያለው ሰው አለመኖሩ፣ የሚያስተዳድራቸው ሰዎች ቁጥር፣ የመኖሪያው ቅርበት። መስፈርቱን የሚያሟሉት ከቦታው ከበዙ በሕዝብ ፊት ዕጣ ይውጣ። የኮሚቴ አባል የቅርብ ዘመድ ዕጣ ውስጥ ከገባ ዝምድናው ከስሙ ጎን ይጻፍ። መከልከል ያለበት መደበቁ ነው።

መቀያየሩን በተመለከተ፣ ለቁፋሮና ለማጓጓዝ በየ10 ቀኑ መቀያየር ይቻላል። ኮንክሪት የሚቀላቅለውን፣ ለግንበኛው የሚያቀብለውንና ከአናጺው ጋር የሚውለውን ቡድን ግን አትንኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ድብልቁን በዓይኑ መለየት የሚጀምረው፤ በ10ኛው ቀን ስትሸኙት የለመደውን ይዞ ይሄዳል፣ አዲሱም ከመጀመሪያው ስህተት ይጀምራል። እስከ መጨረሻው የቆየው ደግሞ ከጉልበት ሠራተኛነት ወደ ረዳት ግንበኛነት ለመሸጋገር ዕድል ያገኛል። ከደመወዙ በላይ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለጋሾቻችን የታደሰውን ክፍል ፎቶ ቶሎ ማየት ይፈልጋሉ። ከቀለም ብንጀምር ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ቀለሙ በቀጣዩ ክረምት ይላጣል። በእድሳት ላይ ገንዘብ ከሚጠፋባቸው መንገዶች ዋናው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

ትምህርት ቤት የሚፈርሰው በውኃ ነው። ከላይ በጣሪያ ይገባል፣ ከታች በመሠረት ይሰርጋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፣ ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ የውኃ መውረጃ፣ ቀጥሎ የግድግዳ ስንጥቅ፣ ወለል፣ ልስን፣ በርና መስኮት። ቀለም የመጨረሻው ነው። አዲስ ልስን ደግሞ ቀለም ከመቀባቱ በፊት 4 ሳምንት ያህል መድረቅ አለበት። እርጥበቱ ሳይወጣ ከተቀባ ቀለሙ ይነፋል፣ ነጭ ዱቄት መሰል ጨው በላዩ ይወጣል፣ ተማሪ በጣቱ ይልጠዋል።

ጣሪያ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሚስማሩ ቦታ ነው። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጫፍ ላይ እንጂ በሸለቆው አይደለም፤ ውኃው የሚወርደው በሸለቆው ነውና። ከሚስማሩ ራስ ሥር ጎማ ይኑር፤ ጎማው ተጨፍልቆ እስኪሰነጠቅም አይመታ። የቆርቆሮው የጎን መደራረብ አንድ ተኩል ሞገድ፣ የላይና የታች መደራረቡ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ 20 እና ከዚያ በላይ። መምታት የሚጀመረው ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጫፍ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የተደራረበው አፍ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። ለቀጭን ቆርቆሮ የሞራሌዎቹ ርቀት ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። ነፋስ መጀመሪያ የሚገነጥለው ጠርዙን ስለሆነ በጠርዝና በጣሪያው ጫፍ ላይ በየሁለት ሞገዱ፣ መሐል ላይ በየሦስቱ ይመታ። አሮጌውን ቆርቆሮ ነቅሎ መልሶ መምታት የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን የድሮው ቀዳዳ በሬንጅ ተደፍኖ አንድ ሁለት ክረምት ቢቆይ ነው። አሮጌውን ለአጥር ወይም ለዕቃ ማስቀመጫ መጠለያ አውሉት።

የውኃ መውረጃው ደግሞ የቀን ሠራተኛው ዋና ሥራ ነው። ከግድግዳው ጀምሮ ቢያንስ 2 ሜትር ያህል መሬቱ በአንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ከዚያ በኋላ ቦይ ይቆፈር፣ ቦዩም በ100 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። ብዙ ቦይ የሚበላሸው መውጫ ስለሌለው ነው። ውኃውን ከግድግዳው አርቆ በግቢው መሐል ያቆመውና ኩሬ ይሆናል፣ የትንኝ መራቢያ። ከመቆፈራችሁ በፊት ውኃው በመጨረሻ የት እንደሚወድቅ ሄዳችሁ እዩ፤ የጎረቤት ማሳ ወይም መንገድ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለጋሾቹ ፎቶ ከፈለጉ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ሳያፈስ ያለውን ክፍል አሳዩአቸው። ከቀለም በተሻለ ያሳምናል።

ጥያቄ፦ 7 በ9 ሜትር ለሆነ አንድ ክፍል ወለል ስንት ሲሚንቶ ይበቃል? ግንበኛው 60 ኩንታል ብሎናል።

መልስ፦ 60 ከረጢት ማለቱ ከሆነ በዝቷል። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ብለን እናስላው።

ወለሉ 63 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ኮንክሪት ከሆነ 6.3 ሜትር ኩብ ይመጣል። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር በሆነ ድብልቅ ለ1 ሜትር ኩብ 6.4 ከረጢት ያህል ይገባል፤ ጠቅላላው 40 ከረጢት ይሆናል፣ ከብክነት ጋር 42 ወይም 43። አሸዋው 3 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ጠጠሩ 6 ሜትር ኩብ ገደማ። የድሮው ወለል ጽኑ ሆኖ ላዩ ብቻ ከተበላ ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር የ1 ለ3 (1 ሲሚንቶ፣ 3 አሸዋ) ሽፋን ይበቃዋል፤ 24 ከረጢትና 2.5 ሜትር ኩብ አሸዋ። በዚህ ጊዜ ግን የድሮው ወለል በመዶሻና በመሮ ይቧጠጥ፣ አቧራው በውኃ ይታጠብ፣ አዲሱ ከመፍሰሱ በፊት ቀጭን የሲሚንቶ ውኃ ይቀባ። ይህ ካልተደረገ ሽፋኑ ከሥሩ ይለቅና ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በዓመቱ ይነሳል።

ልኬቱን በአካፋ አትተዉት። የአንዱ አካፋ ሙሉ፣ የሌላው ግማሽ ነው። ከውስጥ 50 በ35 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን በጣውላ አሠሩ፤ ልክ 35 ሊትር ይይዛል፣ ይህም የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ነው። እንግዲህ ለአንድ ከረጢት 2 ሣጥን አሸዋ፣ 4 ሣጥን ጠጠር። ውኃው ለአንድ ከረጢት ከ25 እስከ 30 ሊትር ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ሠራተኛ ሲደክመው ውኃ ይጨምራል፤ ቀጭን ድብልቅ ለመገልበጥና ለመዘርጋት ይቀላል። ትርፍ ውኃው ግን ሲደርቅ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ወለሉ በዓመቱ ዱቄት መትፋት የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ውኃ የሚጨምር አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም በታወቀ ባልዲ።

ወለሉን 3.5 በ3 ሜትር በሆኑ 6 ክፍልፋዮች ክፈሉት፤ በመጀመሪያው ቀን እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱን እያለፋችሁ 3ቱን ሙሉ፣ አንድ ቀን አሳልፋችሁ የቀሩትን 3። በአንድ ጊዜ የተሞላ ሰፊ ወለል ራሱ በመረጠው ቦታ ይሰነጠቃል። በእጅ ለሚቀላቀል ሥራ 8 የቀን ሠራተኛና 2 ግንበኛ ለዚህ ይበቃሉ። ጨው ያለበትን ወይም ጭቃ የበዛበትን አሸዋ አትቀበሉ፤ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጣችሁ ብታስቀምጡት ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይታያል።

ከዚያ ውኃ ማጠጣት አለ። 7 ቀን፣ ወለሉ ለአንድ ሰዓት እንኳ ሳይደርቅ። በጆንያ ወይም በአሸዋ ሸፍናችሁ አርጥቡት። ይህን ሥራ ሁልጊዜ የሚያስዘነጋው ሰው አለመመደቡ ነው፤ ሠራተኞቹ ቅዳሜ ተከፍሏቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ወለሉ ይደርቃል። ለውኃ አጠጪው የ7 ቀን ክፍያ በበጀቱ ላይ በስሙ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛውን በቀን እናሠራ ወይስ በቁርጥ (በሠራው ሥራ ልክ እየከፈልን)?

መልስ፦ ሊለካ የሚችለውን በቁርጥ። ቦይ፣ ድንጋይ ማጓጓዝ፣ አፈር ማንሳት ይለካል። 40 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 12 ሜትር ኩብ ነው። መካከለኛ አፈር ላይ አንድ ሰው በቀን ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ኩብ ይቆፍራል ብለን ብናስብ 4 ወይም 5 የሰው ቀን ይፈጃል። ቁርጡን ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሰው ለግማሽ ቀን አስቆፍራችሁ ለኩት፤ አፈሩ ዓለታማ ከሆነ በወረቀት የተሰላው ቁርጥ ግፍ ይሆናል። ዴስክ ጥገና፣ ልስንና ቀለም ግን በቀን ይሁን። በቁርጥ የተለሰነ ግድግዳ ስታጃ (ቀጥ ያለው የልስን ማስተካከያ ጣውላ) ሲደገፍበት ወጣ ገባነቱ ይታያል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ባሠራነው ሥራ ላይ በቦታው ያልነበሩ ሰዎች ስም ደመወዝ ወጥቶ አገኘን። ዘንድሮ እንዴት እንከላከል?

መልስ፦ ስሙን የሚመዘግበው፣ ገንዘቡን የሚከፍለውና ሥራውን የሚያዘው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ካቦው (ሥራውን የሚያዘው) መዝገብም ከያዘ የሌለ ሠራተኛ መፍጠር የአንድ ሰው ውሳኔ ይሆናል፤ ሦስት ከሆኑ ግን ሦስቱም መስማማት አለባቸው።

አቴንዳንሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይያዝ፤ ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ከምሳ በኋላ። ጠዋት ፈርሞ የሚጠፋ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ቀን፣ የሠራው ሥራ፣ የሠራተኛው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። መዝገቡ ገጹ ቁጥር ያለውና የተጠረዘ ደብተር ይሁን እንጂ ልቅ ወረቀት አይሁን። ስህተት ሲኖር በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበት፤ በፍሉድ (በማረሚያ ነጭ ቀለም) የጠፋ ሁሉ ዋጋ የለውም። ሠራተኛውም የራሱ ትንሽ ካርድ ይኑረው፣ በየቀኑ ይፈረምለት። ጠብ ሲነሳ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ክፍያው በታወቀ ቀን፣ በየሳምንቱ ወይም ቢዘገይ በየ15 ቀኑ፣ ስምና ቀን ብዛት ጮክ ተብሎ እየተነበበ ይፈጸም። የሌለ ሰው ስም ሲጠራ የሚስቁት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከኦዲተር በፊት የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ። በሞባይል የምትከፍሉ ከሆነም ንባቡን አትተዉት፣ አንድ ስልክ ቁጥር በሁለት ስም መግባቱንም እዩ። የኮሚቴ አባል ሳይታሰብ ሄዶ ይቁጠር፤ ቁጥሩን በዚያው ሰዓት በደብተሩ ላይ ጽፎ ይፈርም።

ዕቃውም በዚሁ መንገድ ይጠበቃል። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ለዕቃ ጠባቂው ሳይመለስ አዲስ ከረጢት አይውጣ። ከላይ ባሰላነው ወለል 43 ባዶ ከረጢት ካለ ልክ ነው፤ 43 ወጥቶ 35 ባዶ ከተመለሰ 8ቱ ከነሲሚንቶው ሄደዋል። 43 ባዶ ቢመለስም እንኳ የወለሉን ጥግ በመሮ ፈልፍላችሁ ውፍረቱን ለኩ። 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሲሚንቶው ሌላ ቤት ተሠርቶበታል።

ሌላው ስውር ብክነት ሌብነት አይደለም። ሠራተኛ ተጠርቶ ዕቃ ሲዘገይ ነው። አሸዋው ሳይራገፍ 20 ሰው ሰኞ ጠዋት ከመጣ፣ የቀኑን ከፍላችሁ ጥላ ሥር ታስቀምጧቸዋላችሁ ወይም ባዶ እጃቸውን ትሸኟቸዋላችሁ። የመጀመሪያው ገንዘቡን ይበላል፣ ሁለተኛው እምነቱን። የሳምንቱ ዕቃ ግቢ ውስጥ ገብቶ ካልተቆጠረ ለዚያ ሳምንት ማንንም አትጥሩ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች ድንጋይ ቢያቀብሉ ምን አለበት? የራሳቸው ትምህርት ቤት ነው።

መልስ፦ አይሆንም። ግንባታ አደገኛ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ለአደገኛ ሥራ ዝቅተኛው ዕድሜ ከ18 እንዳያንስ ይላል። በምዝገባ ላይ ዕድሜ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ችግኝ መትከል ከፈለጉ ይትከሉ።

ጥያቄ፦ ብዙ እናቶች ለመመዝገብ መጥተው ሕፃን ስላላቸው ተመለሱ። ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ከሠራተኞቹ መካከል አንዷን፣ ቢሻል ከባድ ሥራ የማትችለውን፣ ሕፃናት ጠባቂ አድርጋችሁ በእኩል ክፍያ መድቡ። ቦታው ከሲሚንቶው አቧራና ከተሽከርካሪ መግቢያ የራቀ፣ ጥላና ውኃ ያለው ይሁን። የሥራ መጀመሪያውን አንድ ሰዓት ማዘግየት ብቻ ብዙ ሴቶችን ያመጣል። ነፍሰ ጡርና አራስ ከማጓጓዝ ይልቅ በማጠጣት፣ በወንፊት ሥራና በዕቃ መዝገብ ላይ ትመደብ።

ጥያቄ፦ አንደኛው ሕንጻ ጣሪያው ግራጫ የሲሚንቶ ቆርቆሮ የሚመስል አሮጌ ክዳን ነው። የግድግዳው ቀለምም ተደራርቦ እየተቀረፈ ነው። እናስነሳው?

መልስ፦ ጣሪያውን በቀን ሠራተኛ አታስነሱ። አስቤስቶስ የተባለ ክር መሰል ማዕድን ያለበት ሊሆን ይችላል። ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ያልተሰበረና የማያፈስ ከሆነ ሳይነካ ቢቆይ ይሻላል። መነሳት ካለበት ለዚህ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው አካል ያንሳው፤ ያን ሕንጻ ከዘንድሮው ዝርዝር አውጡት።

የተደራረበ አሮጌ ቀለም ደግሞ እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም ሆነ በእሳት ማቃጠል ክልክል ነው። በውኃ እያራሱ መፋቅ፣ ከሥር ፕላስቲክ ማንጠፍ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ አስሮ ማስወገድ ይገባል። ሠራተኛው የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፣ ከምግብ በፊት እጁን ይታጠብ። አዲሱን ቀለም ስትገዙ የእርሳስ መጠኑ ከሚሊዮን 90 እጅ በታች መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ። መጠኑን ለማስላት 1 ሊትር ለአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 7 በ9 የሆነው ክፍል፣ ቁመቱ 3 ሜትር ሆኖ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 80 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው እንበል፤ ለሁለት ዙር 16 ሊትር ነው። አዲስ ልስን ስለሚመጥ 19 ወይም 20 ያዙ።

ጥያቄ፦ አባሎቻችን ከሩቅ መጥተው ራሳቸው ቀለም መቀባት ይፈልጋሉ። ጥሩ ሐሳብ አይደለም?

መልስ፦ የትራንስፖርታቸውን ወጪ በቀን ክፍያው አካፍሉትና ስንት የሰው ቀን እንደሚሆን እዩ። ከዚያ ይወስኑ። መምጣታቸው ካልቀረ አንድ ዛፍ የመትከያ ጠዋት ስጧቸው፤ ብሩሹን ግን ሥራ ካጣው ሰው እጅ አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ከጣሪያ ቢወድቅ ኃላፊው ማነው?

መልስ፦ እናንተ የቀጠራችሁት ከሆነ እናንተ ናችሁ፤ «የቀን ሠራተኛ ነው» የሚለው ከኃላፊነት አያወጣም። ኢንሹራንስ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይገባ፤ የአደጋ ዋስትና ለአጭር ጊዜም ይገኛል። ካልተቻለ የሕክምና ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፣ ወደ ሐኪም የሚወስድ መኪናም ስልክ ቁጥሩ ታውቆ ይለጠፍ። ጣሪያ ላይ የሚወጡት በቀበቶና በገመድ ታስረው፣ ዝናብና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ብቻ ይውጡ። የመሰላሉ እግር ከግድግዳው የሚርቀው በየ4 ሜትር ቁመቱ 1 ሜትር ነው፤ ጫፉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ከፍ ይበል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ቦት ጫማና ጓንት ለቀላቃዮቹ ግዴታ ነው፣ ባዶ እግሩን ኮንክሪት የሚረግጥ ሰው ካለ ሥራው ይቁም። የጣሪያ ሥራ ሲያልቅ በግቢው የወደቀ ሚስማር በማግኔት ይለቀም፤ የሚሮጡት ሕፃናት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሥራው አልቆ ትንሽ ገንዘብ ተረፈ። ለአዲስ ክፍል መጀመሪያ እናድርገው?

መልስ፦ ተጀምሮ የቆመ ክፍል ከማቆም ዴስክ ጠግኑበት፤ ዕቃው ጥቂት፣ ጉልበቱ ብዙ ነው። ዴስክ የሚላላው መጋጠሚያው ላይ ነው። ሚስማር ተማሪው በተነቃነቀ ቁጥር ቀዳዳውን እያሰፋ ይወጣል፤ ስለዚህ የድሮው ሚስማር ይነቀል፣ መጋጠሚያው ተጠርጎ በኮላና በብሎን ይታሰር፣ በእግሮቹ መሐል ሰያፍ ማገር ይግባ።

መጸዳጃ ቤቱንም ቁጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት ያስቀመጠው ለ25 ሴት ተማሪ 1 መቀመጫ፣ ለ50 ወንድ ተማሪ 1 መቀመጫና 1 የሽንት መሽኛ ነው። ከዚህ በጣም የራቀ ከሆነ ትርፉ ወደዚያ ይሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን ለሁለት ዓመት የአሸንዳና የቦይ ጠረጋ ክፍያ ለዩበት። ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ አጋማሽ አንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የሁለት ሰው ሁለት ሁለት ቀን ማለት ነው፤ በጠቅላላው ለሁለቱ ዓመት 16 የሰው ቀን። ስሙ በትምህርት ቤቱ የታወቀ አንድ ሠራተኛ ይመደብ፣ የወጣውን ሚስማርና የተነሳውን ቆርቆሮም በዚያው እየወጣ ይይ።